እሳት የሚተነፍስበት ጡብ

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

ሻወር ቤት ሄድኩ። ቤቴ ውሃ ከጠፋ ዘጠኝ ቀኑ። ሰኞ ባዶ ስለሆነ ደስ ይላል፤ ማንም በር አያንኳኳብህም።

ስወጣ እትዬ ሐጀራ በሩ ላይ ቆመዋል፤ እጃቸው ላይ ማህተም ያረፈበት ወረቀት።

«ሀብቴ፣ አንተ የተማርክ ነህ። ይሄ ምን ይላል?»

አነበብኩላቸው። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ጭስ ከተፈቀደው በላይ ነው። እስከ ሕዳር 15 ካልተስተካከለ ቤቱ ይታሸጋል።

«ይታሸጋል ማለት?»

«ይዘጋል።»

«እሱንማ አላጣሁትም። ወረቀቱን በሩ ላይ ይለጥፉታል ወይ? ሰው እያየ?»

አርባ አንድ ዓመት የቆየ ቤት። ሟች ባለቤታቸው የከፈቱት። አሥራ አንድ ሰው ይሠራበታል፤ ሰባቱ ልብስ አጣቢ ሴቶች ናቸው። አላፊ አግዳሚው ሁሉ መካሪ ሆኗል፦ «በኤሌክትሪክ ይቀይሩት!» መብራት በሳምንት ስንቴ እንደሚጠፋ የማያውቅ ሰው ምክር።

ቦይለሩ ከድሮ ባቡር የተፈታ ነው። ባለቤታቸው ከቁርጥራጭ ብረት መሃል መርጠው አመጡት አሉ። ጎማው የለ፣ ፉጨቱ የለ። የቀረው የእሳት ሳጥኑና በርሜሉ ነው። እንፋሎት አያፈላም፤ ላዩ ክፍት ስለሆነ ውሃ ብቻ ያሞቃል። አባቴ በወጣትነቱ ድሬዳዋ ላይ እንዲህ ባለ ሳጥን ፊት አካፋ ይዞ ቆሟል። «ጭስ የሰነፍ አንዳጅ ፊርማ ነው» ይል ነበር። ጭስ ምንድን ነው? ሳይቃጠል ያመለጠ ማገዶ! መድኃኒቱ አየር ነው እንጂ ማሸግ አይደለም።

«እኔ አስተካክለዋለሁ» አልኩ።

ማን ጠየቀኝ? ማንም። ይሁን።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

ሶማሌ ተራ ያለውን የቧንቧ ዕቃ ሱቄን በጊዜ ዘግቼ ቦይለር ክፍል ገባሁ። ጉድ ነው። ከፍርግርጉ ሥር ያለው አመድ በክንድ ይለካል። የታችኛው አየር መግቢያ ክዳን ዝጎ አልንቀሳቀስ ብሏል። ማገዶው የተሰባበረ የዕቃ መጫኛ ጣውላ፣ ፓሌት ነው፤ እርጥቡ ከደረቁ ጋር ተቀላቅሏል። አንዳጁ ሙናዊር ደግሞ እስከ ጣሪያው ይጠቀጥቀዋል። አሥራ ሁለት ዓመት እዚህ ሠርቷል። አሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ?

የእሳቱ በር አይገጥምም። ግማሽ ጡብ ሸጉጦበታል፤ ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጡብ ነዋ፣ ጋሼ።»

«በር የሚሠራው እንዲዘጋ ነው!»

ጡቡን አውጥቼ ወረወርኩት። በሩን ጥርቅም አደረግሁት። ሙናዊር ጡቡን አንስቶ ግድግዳው ሥር አስቀመጠው። ይሄ ዝምታው አናደደኝ።

አመዱ ተጠረገ። ክዳኑ በዘይት ተላቀቀ። ነገ ጭሱ ግማሽ ይሆናል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27

ግማሽ አልሆነም። ጠቆረ! ከታች አየር እንደ ልቡ ይገባል፣ እሳቱ ያገሳል፣ ጭሱ ግን ሬንጅ ነው። የተሰጣ አንሶላ ላይ ጥላሸት ዘነበ። ሴቶቹ ሃያ አንሶላ ደግመው አጠቡ። አንሶላውን እኔ ፊት ነበር የጨመቁት።

ጭሱን ለቢሮ አቤት ያለው ሙስዓብ ነው፤ አጥር ተጋሪው የጨርቅ ጅምላ ነጋዴ። ከሰገነቱ ላይ ሆኖ ቁልቁል፦

«ኢንጂነር! ባቡሩ ስንት ሰዓት ይነሳል? ቲኬት ልቁረጥ!»

ተራው በሙሉ ሳቀ። ሳቁ!

በዚያው ንዴት ደብዳቤውን የላከው ቢሮ ሄድኩ። ተቆጣጣሪዋ ኤልሳቤት ትባላለች። ሠላሳዎቹ ውስጥ ትሆናለች፤ ጠረጴዛዋ ላይ ቅንጣት አቧራ የለም። አምስት ደረጃ ግራጫ የታተመበት ካርድ አሳየችኝ። ከነጭ ይነሳና ጥቁር ላይ ያልቃል። ካርዱን ከጭሱ ጎን ይዛ ታመሳስላለች። ጭሱ ከሁለተኛው ደረጃ በላይ ከቆየ ወድቋል።

«ሰኞ ሕዳር 15 ጠዋት እመጣለሁ» አለች።

«ሰኞ ባዶ ነው። ሰኞማ ማንም ያልፋል። በፊቱ ያለው አርብ ይምጡ። ለጁምዓ የሚታጠበው ሰው እስከ መንገድ ሲሰለፍ፣ እሳቱ አለ የተባለውን ሁሉ ሲበላ ይምጡ!»

ቀና ብላ አየችኝ። «አርብ? ቀኑን አይተውታል?»

«ቀን አያስፈራኝም።»

ጻፈችው። ከንፈሯ ላይ የሆነ ነገር ነበረ… ፈገግታ ይሁን ምን አልገባኝም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29

ከጠዋት ጀምሬ እሳቱ ፊት ተቀመጥኩ። ምንም አልገባኝም። ወደ ሦስት ሰዓት ገደማ ሙናዊር እንዲሁ፣ ለራሱ የሚያወራ ይመስል፦

«ሰው አፉ ሲሞላ በአፍንጫው ነው የሚተነፍስ። እርስዎ አፍንጫውን ደፈኑት።»

«ምን አልክ?»

ወደ ግድግዳው በአገጩ ጠቆመኝ። ጡቡ…

ደረቅሁ። በእርግጥም! ማገዶ ሲጨመር ጋዙ የሚወጣው ከላይ ነው። የታች አየር በፍሙ ተበልቶ ያልቃልና አይደርስለትም። ከእሳቱ በላይ የሚገባ አየር ያስፈልገዋል። ይሄንን አሥራ አንድ ዓመት ኮሌጅ አስተምሬዋለሁ፤ ፈተና አውጥቼበታለሁ፤ ተማሪ ጥዬበታለሁ። አባቴም ከእያንዳንዱ አካፋ በኋላ በሩን ጣት ታህል ከፍቶ እንደሚያቆይ ነግሮኝ ነበር። ሰሌዳ ላይ ሲሳል አውቀዋለሁ። ጡብ ሆኖ ሲመጣ አላወቅሁትም።

ጡቡን መለስኩ። በአምስት ደቂቃ ጭሱ ወደ ግራጫ ሳሳ።

«ለምን ያን ቀን አልነገርከኝም?»

«ጠይቀውኝ ነበር እንዴ?»

እሁድ፣ ጥቅምት 30

ሙናዊርን ይቅርታ ጠየቅሁት። አጭር ነበር። «ችግር የለውም» አለ። ችግርማ አለው። ካልሆነ ደብተር ላይ ምን ያስጽፈኛል?

ማክሰኞ፣ ሕዳር 2

ግራጫ አይበቃኝም። ጡብ ማገዶ ሲጨመርም፣ ፍም ብቻ ሲቀርም እኩል ነው የሚያስገባው። አየሩን እንደ ቧንቧ ከፍቼ መዝጋት መቻል አለብኝ።

የሳጥኑን ጎን መብሳት አይታሰብም፤ የባቡር ሳጥን ዙሪያውን ውሃ ለብሷል፣ ብትበሳው እሳትህን ታጠፋለህ። ያለው በሩ ብቻ ነው። በያጁ ነስረዲን በሩ ላይ ስምንት ቀዳዳ በሳልኝ። ውጭው ላይ ተንሸራታች ክዳን፣ ውስጡ ላይ ደግሞ አየሩን ቁልቁል ወደ ነበልባሉ የሚመልስ የጎበጠ ላሜራ። አንዱን ቀዳዳ ሁለት ሚሊ አሳስቶ ስለነበር አስደፍኜ እንደገና አስበሳሁት።

«ጋሼ፣ እሳት ሚሊ ይቆጥራል?»

«እኔ እቆጥራለሁ።»

ረቡዕ፣ ሕዳር 3

የበሩን ተንሸራታች ክዳን ሙሉ ቀን ክፍት አደረግሁት። ጭስ የለም! ሰገነቱን አንጋጥጬ አየሁ፤ ሙስዓብ ብቅ ቢል ብዬ…

ከዚያ ጩኸት። አንድ ወፍራም ሰውዬ ፎጣ አገልድሞ፣ ሳሙናው ጆሮው ላይ እንዳለ ወጣ።

«ይሄ ውሃ ከእንጦጦ ነው እንዴ የመጣው?!»

አየር ሲበዛ እሳቱን ያበርዳል። ይሄንንም አስተምሬዋለሁ። እትዬ ሐጀራ ለሰውየው ሌላ ቀን በነጻ እንዲታጠብ ነገሩትና ወደ እኔ ዞሩ፦

«ሀብቴ፣ ወይ ታጨሰናለህ ወይ ታበርደናለህ። መሃል የለህም?»

መሃሉ ጊዜ ነው። ማገዶ እንደገባ መክፈት፤ ነበልባሉ ጠርቶ ቢጫ ሲሆን ቀስ እያሉ መዝጋት። ጫፉ ከቀላ ገና ነው።

አርብ፣ ሕዳር 5

ከሙናዊር ጋር ተጣላን። ለጁምዓ ሊሄድ ሲል ሳጥኑን እስከ አንገቱ ሞልቶት ሄደ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ጥቁር ጭስ!

ሲመለስ በሩ ላይ ጠበቅሁት። «ትንሽ ትንሽ፣ በየአሥር ደቂቃው አላልኩህም?»

«አሥር ደቂቃ እጅ እግር ለመታጠብ፣ ለውዱእም አትበቃ። ሶላቴን ልተው?»

«አላልኩም!»

«ታዲያ ማን ይጨምረው?»

ከመሄዱ በፊት መጠቅጠቁ ስንፍና አልነበረም ለካ። አሥራ ሁለት ዓመት አንድም ሰው «ሂድ፣ እኔ እይዝልሃለሁ» አላለውም። ይሄን ሰውዬ ነው በልቤ ሰነፍ ያልኩት።

«እኔ እይዛለሁ» አልኩት።

ከት ብሎ ሳቀ። «እርስዎ? በዚህ ሸሚዝ?»

ማክሰኞ፣ ሕዳር 9

አራት ቀን ሙናዊር ለሶላት ሲሄድ በስድስት ሰዓት አካፋውን ያዝኩ። ወገቤ… ግራ እጄ ሁለት ቦታ ውሃ ቋጥሯል። ሙናዊር ብዙ እንደምወረውር ይነግረኛል። «እንደ ጉርሻ፣ ጋሼ፣ እንደ ጉርሻ! ማንቁርቱ ላይ አይወትፉበት።» ሰው ሲያርመኝ የማልቆጣው ከመቼ ጀምሮ ነው?

ዛሬ እየሄደ ዘወር አለና፦

«ለመሆኑ አርብ የቀጠሯት አውቀው ነው? አርብ እኮ ሕዳር ሲታጠን ነው።»

አካፋው ከእጄ ወደቀ። ሕዳር 12! ከተማው በሙሉ ቆሻሻ ጠርጎ በየደጁ የሚያቃጥልበት ቀን። ጭስ የምታስለካበት ቀን ምረጥ ቢሉኝ ከዓመቱ ሁሉ የማልመርጠውን ለይቼ ቀጠርኩ! ሚካኤል ነው፤ የስሜ ቀን። እኔ ሀብተሚካኤል ረስቼው ሙናዊር አስታወሰኝ።

እትዬ ሐጀራ ሲሰሙ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ደውልላት፤ ቀኑን ትለውጥ።»

አልደውልም። የተናገርኩትን አላጥፍም። በዚያ ሁሉ ጭስ መሃል ያልጨሰ ካለ ያኔ ይታያል።

ይሄ ድፍረት ነው ወይስ የሰው ቤት ላይ መቆመር? ቤቱ የእኔ ቢሆን እንዲህ እል ነበር?

ረቡዕ፣ ሕዳር 10

ጠዋት እትዬ ሐጀራ ዘንድ ሄድኩ። «እርስዎ ይወስኑ። ደውል ካሉኝ አሁን እደውላለሁ» አልኩ።

ጭስ ማውጫውን አንጋጠው አዩ። ከዚያ፦ «ጭስ የለውም ወይስ አለው?»

«የለውም።»

«እንግዲያስ ትምጣ።»

አርብ፣ ሕዳር 12

ከማለዳ ጀምሮ ከአብነት እስከ በርበሬ በረንዳ ጭስ ነው። ሰማዩ አመድ መስሏል። ሰልፉ መንገድ ደርሷል፤ ሁሉም ያስላል።

ኤልሳቤት ለአራት ሰዓት ተቀጥራ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ደረሰች። መኪና በጭስ ተጨናንቆ ነው አለች። ሙናዊር ጁምዓ ሄዷል! እኔ ብቻ።

ካርዷን አውጥታ አንጋጠጠች። መልሳ ዝቅ አደረገችው። «በዚህ አይነበብም።» አጥሩ ሥር የሙስዓብ ዘበኛ የካርቶን ክምር ከነፕላስቲኩ አቀጣጥሏል፤ ጭሱ የእኛን ጭስ ማውጫ ታክኮ ይወጣል።

«ሙስዓብ! የከሰስከን አንተ አይደለህም እንዴ በጭስ?»

«ኢንጂነር፣ ይሄ እኮ ባህል ነው! በሽታ ማባረሪያ!»

መልስ ሳዘጋጅ እትዬ ሐጀራ አለፉኝ። በሰባ ዓመታቸው፣ የልብስ ማጠቢያውን ባልዲ በሁለት እጃቸው ይዘው። ቸለሱበት። እሳቱ ጭስስስ አለ።

«በሽታው ሄዷል፣ ልጄ» አሉት።

ሰልፈኛው አጨበጨበ። ሙስዓብ ራሱ ሳቁን መያዝ አቃተው።

ኤልሳቤት ጭሱ እስኪበተን ጠበቀች። ከዚያ፦ «አሁን ማገዶ ጨምሩ። ሲጨመር ነው የማየው።» አስቸጋሪውን ደቂቃ ታውቀዋለች። ወረድኩ።

እስከ ዛሬ ያላሰብኩት ነገር፦ ከሳጥኑ ፊት ሆነህ ጭስ ማውጫው አይታይም። ሁልጊዜ ውጭ ቆሜ አንጋጥጬ የምጮኸው እኔ ነበርኩ። ውስጥ ያለው ሰው ነበልባሉን ብቻ ነው የሚያየው። እንደ ጉርሻ… አንድ አካፋ። በሩን ዘጋሁ፤ ክዳኑን ሙሉ ከፈትኩ። ጫፉ ቀይ። ጠበቅሁ። ቢጫ። ግማሽ ዘጋሁ። ደግሞ አንድ። አንዴ አንድ ረጅም ጣውላ አልገባ ብሎኝ በሩ ሳይዘጋ ቆየብኝ። ሰዓቴን አየሁ። ላይ ቤት ማን ምን እንደሚል አይሰማም። ሠላሳ ደቂቃ እንዲህ።

ኤልሳቤት ወደ ታች ወረደች።

«ከዜሮ እስከ አንድ ነው። አንዴ ብቻ ሦስት ነክቶ ተመለሰ። መቼ እንደሆነ ልንገርዎ?»

«ስድስት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት።»

ማስታወሻዋን አየች፤ ከዚያ እኔን። «ሃምሳ ሁለት» አለች። የእኔ ሰዓትና የሷ ሰዓት በደቂቃ እንኳ አልተለያዩም። «አልፏል» ብላ ፈረመች።

ብዙም ሳይቆይ ሙናዊር ከመስጊድ እየሮጠ መጣ። ከበሩ ላይ ሆኖ፣ እንዳለከለከ፦

«ጋሼ! ምን ሆነ? ጭስ አይታይም፤ እሳቱ ጠፋብዎ እንዴ?»

ሰኞ፣ ሕዳር 15

ዛሬ ይታሸግ የነበረበት ቀን ነው። ሻወር ቤት ሄድኩ። ባዶ ነው። እትዬ ሐጀራ አዲሱን ወረቀት በሩ ላይ ለጥፈውታል። ሰው እያየ።

ግማሹ ጡብ ሱቄ መጣ። ሙናዊር «አሁን ምን ያደርግልኛል» ብሎ ሊጥለው ሲል ተቀበልኩት። ዲግሪዬ ከተሰቀለበት ግድግዳ ሥር ነው ያለው።

በስድስት ሰዓት አካፋ ይዤ ሳለሁ የዳቦ ቤቱ ባለቤት መጣ። ለሱም ደብዳቤ ደርሶታል።

«ኢንጂነር፣ የእኔንም ምድጃ ያዩልኛል?»

«መጀመሪያ አንዳጅህን አገናኘኝ።»

«እሱ ምን ያውቃል? ፊደል እንኳ አልቆጠረም።»

ተቆጣሁ። በደንብ ተቆጣሁ! ሰውየው ደነገጠ።

ሙናዊር ሲመለስ ዳቦ ቤቱ ሄድኩ። አንዳጁን «በዚህ ምድጃ ምን ምን ታደርጋለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። በሩ ላይ የተጣመመ ቆርቆሮ ሸጉጦበታል። እጄ ሊያወጣው ተነሳ… መለስኩት። አንድ ሰዓት ምንም ሳልነካ ቁጭ ብዬ አየሁ።