የበሽተኛውና የአስታማሚው ተጠሪ፣ አቶ ቦጋለ አሸብር (1912–1964 ዓ.ም.)

አቶ ቦጋለ አሸብር ከአባታቸው ከአቶ አሸብር ወርቅነህ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሠርኬ ንጉሤ በጎጃም ጠቅላይ ግዛት፣ በቢቸና አውራጃ በ1912 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ደገሙ። በ1934 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብተው በአዲስ ከተማ ከአንድ ሚዛን ጠጋኝ ዘንድ ሙያ ተማሩ፤ በ1941 ዓ.ም. በበርበሬ በረንዳ አጠገብ የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ። ነጋዴዎች በልኬት ሲጣሉ “በቦጋለ ሚዛን ይታይ” ይባባሉ ነበር።

በ1950 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የወጣች አንዲት የሳይንስ አስተማሪ የትምህርት ቤቷን ሚዛን ለማስጠገን ወደ ሱቃቸው መጣች። ሚዛኑ በዚያ ዓመት ሦስት ጊዜ ተበላሽቶ ሦስት ጊዜ ተጠገነ። በ1951 ዓ.ም. በተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ተጋብተው አስናቀውንና ጤናዬን ወለዱ። አስተማሪዋ ይህን የምትጽፈው ብርሃኔ ፍስሐ ናት።

በ1955 ዓ.ም. ከራጉኤል በስተጀርባ የነበረው አነስተኛ የሕክምና ቤት የበሽተኞችንና የአስታማሚዎችን ቅሬታ የሚያቀርብ አንድ ተጠሪ እንዲመረጥ ፈቀደ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች የሚዛን ሰው ይሻላል ብለው አቶ ቦጋለን መረጡ። ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ረቡዕ ረቡዕ ጠዋት ሱቃቸውን ዘግተው በሕክምና ቤቱ ደጅ ባለው ረጅም አግዳሚ ላይ ከሰዉ ጋር ተቀመጡ። የሰሙትን ሐሙስ ለዋናው ሐኪም ያቀርቡ ነበር። ማስታወሻቸውን በጥሩ ጽሕፈት የምትገለብጠው ባለቤታቸው ነበረች። ስለዚህ የማን እግር እንዳበጠ፣ የማን ልጅ መድኃኒት አልቋል ተብሎ እንደተመለሰ ታውቅ ነበር። የእሳቸውን ግን አታውቅም። ቤት ገብተው እንዴት እንደዋሉ ሲጠየቁ “ደህና” ይሉ ነበር፤ የቀረው ቃል አግዳሚው ላይ አልቆ ነበር የሚመጡት። በዚህ አልቀናችም ብሎ መጻፍ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሐሰት ማንበብ ይሆናል።

በማስታወሻው ከሁሉ ይልቅ ይደጋገም የነበረው የወይዘሮ ጠሂራ ሐምዱ ስም ነው። ወይዘሮ ጠሂራ ከወሎ የመጡ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። በ1957 ዓ.ም. ዘመድ የሌላቸውን ጎረቤታቸውን ወይዘሮ እታለምን ሲያስታምሙ፣ ዘመድ አይደለሽም ተብለው ከአልጋው ዳር ተባረሩ። ወይዘሮ እታለም ብቻቸውን ዐረፉ። አቶ ቦጋለ በዚህ ነገር ስምንት ወር ተከራከሩ። ሐኪሙ “ዘመድ ያልሆነ ሰው ምን አግብቶት?” ቢሏቸው፣ “ጌታዬ፣ የሚያመው በሽተኛውን ነው፤ ማን ውሃ እንደሚያጠጣውም እሱ ይናገር” አሏቸው። በመጨረሻ ደንብ ወጣ፦ እያንዳንዱ በሽተኛ አንድ አስታማሚ በገዛ አፉ ይሰይማል፣ ስሙ በካርድ ይጻፋል፣ ባልም ሆነ ሚስት ያለ ካርድ አይገባም። “ባልም ሆነ ሚስት” የሚለውንም የገለበጠችው ብርሃኔ ናት።

አቶ ቦጋለን ሆዳቸውን ማመም ከጀመራቸው ከዓመት በላይ ሆኖ ነበር። አግዳሚው ሁሉ ያውቃል፤ ያላወቀው ቤታቸው ነው። ረቡዕ ግንቦት 2 ቀን 1964 ዓ.ም. እዚያው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ሳለ ደም አስታወካቸውና በሕክምና ቤቱ አልጋ ያዙ። የሕክምና ቤቱ ጸሐፊ ካርዱን ሊሞላ ማን እንደሚያስታምማቸው ሲጠይቃቸው “ጠሂራ ሐምዱ” አሉ።

ባለቤታቸው ከትምህርት ቤት በሩጫ ስትደርስ ዘበኛው አቶ ጣሰው በሩ ላይ ቆመው ነበር። “እትዬ ብርሃኔ፣ ካርዱ ያለው እትዬ ጠሂራ ዘንድ ነው” አሏት። “ደንቡን ያስወጡት ጋሼ ራሳቸው ናቸው። ዛሬ ለእርስዎ ብጥሰው ነገ ሌላውን በምን አፌ እመልሳለሁ?” ከበሩ ተመለሰች። ሁለት ቀን አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ወረፋ የሚጠብቁት “ጠጋ ይበሉ፣ እዚህ ጋ ነው ጋሼ የሚቀመጡት” አሏትና፣ ጥቂት ቆይተው ስለ መድኃኒቱም ስለ ወረፋውም ይነግሯት ጀመር። ሰማች።

ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ወይዘሮ ጠሂራ ካርዱን ይዘው ወጡ። “ብርሃኔ፣ እኔን የጠሩኝ ደም የነካውን ጨርቅ እንዳጥብ ነው። አንቺ እንዳታዪው አፍረው ነው እንጂ ሌላ አይደለም። አሁን ግን ‘እሷን አምጪልኝ’ አሉኝ” አሏት። እሷ እንዳታይ ያፈሩበትን ለሌላ ሰው ማሳየታቸው ዛሬም ይከነክናታል። ቢሆንም ገባች። አቶ ቦጋለ ቅዳሜ ግንቦት 5 ቀን ጠዋት በተወለዱ በ52 ዓመታቸው ዐረፉ። የመጨረሻውን ውሃ ያጠጣቻቸው ባለቤታቸው ናት።

ካርዱ እሷ ዘንድ አለ። የጠሂራ ስም በአንድ መስመር ተሰርዞ ከሥሩ የብርሃኔ ስም ተጽፏል፤ የተሰረዘውም በደንብ ይነበባል።

አቶ ቦጋለ ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን አስናቀውንና ልጃቸውን ጤናዬን፣ ቢቸና ያሉ አንዲት እኅታቸውን ትተው አልፈዋል። ወይዘሮ ጠሂራም ከዘመድ ወገን ናቸው፤ በሐዘኑ ድንኳን ከብርሃኔ ቀጥሎ ያለው ቦታ ለእሳቸው ተይዟል።

አቶ ቦጋለ ተጠሪ ሆነው ሳለ አንድ ቀን እንኳ ወረፋ አልፈው አልገቡም። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ወረፋ ሳያስጠብቅ ይቀበልልን። አሜን።