በጎን ነው የሚተኙት በጀርባ?

ሰበታ፣ ጥር 12 ቀን 2009 ዓ.ም.

ልጄ፤

በሞተው ወንድምሽ ስም ትጽፊያለሽ። ሐምዱን መስለሽ ለደንበኛ መልስ ትሰጫለሽ። በእኔና በእናትሽ ላይ የሠራሽው በደል ይህ ነው። ደብዳቤ በሰላምታ እንደሚጀመር አላጣሁትም፤ ነገሩ ሰላምታውን አላሳልፍ ስላለኝ አስቀደምኩት።

አሁን አሰላሙ ዓለይኩም። ጅማ እንዴት ከረማችሁ? ባልሽ ደህና ነው? የትንሿ ሳል ለቀቃት? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናትሽን ብርድ ሲሆን ጉልበቷን ይይዛታል። እኔ ዓይኔ ቢደክምም ክሩን በመርፌ ራሴ አስገባለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልጻፍልሽ። ሰው እያዛባ ነግሮሽ ይሆናል።

ሐምዱ ትራሳችንን በፌስቡክ መሸጥ ሲጀምር አልከለከልኩትም። ትእዛዝ በመጣ ቁጥር ደንበኛውን በጎን ነው የሚተኙት በጀርባ ብሎ ይጠይቃል፤ እንደ መልሱ የትራሱን ከፍታ ይነግረኛል። የማታውቀውን ሰው እንዴት ትተኛለህ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው አልኩት። ሐኪምም ይጠይቃል አባ፣ አለኝ። ሥራው ግን ሄደለት፤ ከአዲስ አበባ ሳይቀር ያዝዙን ነበር።

ባለፈው ክረምት ለተማሪዎች ፈተና ተብሎ ፌስቡክ ሲዘጋ ትራሱ እስከ ጣሪያ ተቆለለ፤ እናትሽ ወደ መኝታ ቤት የምታልፍበት አጣች። ያን ጊዜ ቆረጥኩ። ከእንግዲህ በአንድ መንገድ ብቻ አንሸጥም አልኩት። በስልኬ ውስጥ ዓለም ሁሉ አለ አለኝ። ዓለም ሁሉ ሲዘጋ አይቼዋለሁ አልኩት። ጓሮ ያለውን ክፍል ለተከራየችው ለተስፋነሽ ትራስ ሰጠኋት፤ ደመወዝ በሚከፈልበት ቀን ፋብሪካው በር ላይ ትሸጣለች። ባለ ሚኒባሱ ገርባም ቡራዩ እያደረሰ ይሸጥልን ጀመር። የቀረው ሱሉልታ ነበር። እዚያ አቶ በሪሁን የሚባል ባለ ሡቅ አለ፤ ስድስት ትራስ አምጡና ልሞክረው ብሎኛል። ይህን ከእኔና ከሐምዱ በቀር የሰማ አልነበረም። ነገር ሳይያዝ አላወራም።

አሁን የምጽፈውን ለማንም አልነገርኩም። መስከረም 25 ቀን ረቡዕ ጠዋት ሐምዱ መንገዱ ጥሩ አይደለም፣ ወጣቱ ሁሉ አስፋልት ላይ ነው፣ እስከ ሰኞ እንቆይ አለኝ። ለበሪሁን ረቡዕ ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ አልኩት። ወደ በሩ ሄዶ መንገዱን አየ። ፈርተህ ነው አልኩት። ትራሶቹን በገመድ አስሮ ወጣ።

ገርባ ቡራዩ ድረስ ወሰደው። ከዚያ ወዲያ መንገዱ በድንጋይና በሚነድ ጎማ ተዘግቶ ነበር። ገርባ ማታ መጥቶ እንዲህ አለኝ፤ ኦቦ፣ እንመለስ ብዬ ሐምዱን ለመንኩት፤ አንተ አባቴን አታውቀውም፣ ትራስ ይዤ ብመለስ ትራሱን አስተኝቶ እኔን ያቆመኛል ብሎ ሳቀ፤ ተሸክሞ በእግሩ ሄደ። ከዚያ በኋላ ያየው የለም። ሐኪም ቤቱን ጠየቅሁ፣ ጣቢያውን ጠየቅሁ፣ ታሳሪ ወደሚወሰድበት ሁሉ ሄድኩ። ስሙ የለም።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሌላ ስድስት ትራስ ይዤ ሱሉልታ ወጣሁ። የገባሁትን ቃል ሳልፈጽም አልቀርም። በሪሁን አየኝና ቀደም ብለው ልከውልኝ የለ እንዴ አለኝ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በወጣ ማግስት፣ እሑድ ጠዋት፣ ሡቁን ሊከፍት ሲመጣ ስድስት ትራስ በሩ ላይ ተደርድሮ አግኝቷል። ማን እንዳመጣው ያየ የለም። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ነበር፣ ትራሶቹ ግን ደረቅ ነበሩ አለኝ። ሁሉንም ሸጧል። ገዢዎቹ ፌስቡክ ላይ ወደ እርስዎ ላኩን ብለውታል። ኔት ከጠፋ ሳምንታት አልፎት ሰዎቹ የት አይተውት ነው ብሎ እኔን ጠየቀኝ። እኔ ምን አውቃለሁ?

ኅዳር ሲያልቅ ኔቱ ተለቀቀ። ተስፋነሽ ስልኳን ይዛ እየሮጠች መጣች፤ አባባ፣ ፔጃችሁ እኮ ሥራ አልፈታም አለችኝ። ጥቅምትን በሙሉ ሲመልስ ከርሟል። ጥቅምት 4 ቀን እንዲህ ይላል፤ «ሡቃችን ሱሉልታ ተከፍቷል። አቶ በሪሁን ዘንድ ይጠይቁ።»

ሡቅ የሚለውን አየሽው? በንጉሡ ሠ ነው የተጻፈው። ፊደል ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ጫንጮ ገበያ ላይ ቆሜ ከቆርቆሮ ላይ ነው ያነበብኩት፤ ቆርቆሮውን የጻፈው ሰው እንደዚያ ጻፈው፣ እኔም እንደዚያ ያዝኩት። በስልክ ያን ሠ ለማውጣት ፈልጎ ማግኘት ያስፈልጋል፤ ማንም አይደክምበትም። በዚህ ነው ከቤታችን ሰው ነው ያልኩት። ከቤታችን ደግሞ የቀረሽው አንቺ ነሽ።

ሦስተኛ ክፍል ሳለሽ አስተማሪሽ አርሞሽ ስትመጪ እኔን እንዳረምሽኝ አልረሳሁም። ከዚያ ወዲህ በእሳቱ ሰ ትጽፊያለሽ። ሐምዱ ነው የአባቴ ፊደል ነው ብሎ አልለውጥም ያለው። ቢሆንም እሱን ለመምሰል ብለሽ ጽፈሽው ይሆናል። የበሪሁንን ነገር ደግሞ እናትሽ በስልክ ነግራሽ ይሆናል ብዬ ጠየቅኋት። እኔ ራሴ መቼ ሰማሁና ነው የምነግራት አለችኝ። እንግዲህ እንዴት እንዳወቅሽ አላውቅም። ሆኖም አንቺ ነሽ። ሌላ ማንም ሊሆን አይችልም።

በደሉ ምን ላይ እንደሆነ ልንገርሽ። ኢማሙ መጥተው አስከሬኑ በሌለበት የሙት ሰላት እንስገድለት አሉ። እናትሽ ሥራ ላይ ላለ ሰው አይሰገድም ብላ መለሰቻቸው። ለቀስተኛውን ከበር መለሰች። ጠዋት ጠዋት ተስፋነሽን ዛሬ ምን አለ ብላ ትጠይቃታለች፤ እንዲህ አለ ስትላት ቁርሷን ትበላለች። ልጄን እንዳልቀብረው ያደረግሽኝ አንቺ ነሽ።

ላጋልጥሽ አሰብኩ። ስልክ ገዛሁ። ተስፋነሽ «ይገዙ» በሚል ስም ፌስቡክ ከፈተችልኝ፤ አባባ፣ በእርጅናዎ ክርስቲያን ሆኑ ብላ ሳቀችብኝ። መጻፉን በሦስት ቀን ለመድኩት። ባለፈው ሐሙስ ከዙህር ሰላት በኋላ ብቻዬን ተቀምጬ አንድ ትራስ እፈልጋለሁ ብዬ ላክሁ።

መልሱ ወዲያው መጣ። በጎን ነው የሚተኙት በጀርባ? አለኝ። በጎኔ አልኩ። በየትኛው ጎን? በቀኝ። እኔም አሁን በቀኜ ነው የምተኛው አለኝ።

ሐምዱ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በሆዱ ነው የሚተኛው። እኛ ሰውን በቀኝ ጎኑ የምናስተኛው መቃብር ውስጥ እንደሆነ ታውቂያለሽ።

ቀጠለና ዝቅ ያለው ይሻልዎታል፣ አባቴ ጥጥ ያበዛል አለኝ። ይህን ሐምዱ ሁልጊዜ ሥራ ላይ ይለኝ ነበር፤ ጥጥ ማብዛት ለደንበኛ ማዘን ነው እለው ነበር። ላጋልጥሽ ያዘጋጀሁትን ቃል ሁሉ ተውኩትና፣ አንተ ፈርተህ አልነበረም ብዬ ጻፍኩ።

የከሰዓቱ ዐስር ሰላት እስኪደርስ መልስ አልመጣም። ሰግጄ ተመለስኩ። አውቃለሁ አባ፣ ይላል።

ስሜን ይገዙ ብዬ ነበር የሰጠሁት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጥጡን ቀንሻለሁ። ተስፋነሽ ዝቅ ያለው ቶሎ ይሸጥልኛል አለች። በሪሁንም በየሳምንቱ ዐሥር ላኩልኝ ብሏል፤ ገርባ ያደርሳል።

እንግዲህ የምልሽን ስሚ። ስትመልሺልኝ እኔ ነኝ ብለሽ አትጻፊልኝ። እኔ አይደለሁም ብለሽም አትጻፊልኝ። ስለ ልጆቹ ጻፊልኝ፤ ስለ ትንሿ ሳል ጻፊልኝ። ፔጁን የሚነካው እንዳይኖር፤ ባለበት ይቆይ። ኢማሙንም እስከ ረመዷን ይቆዩ ብያቸዋለሁ።

አላህ ቤትሽን በሰላም ይሙላው፤ ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ፤ በልጅ አይፈትንሽ። እናትሽ ሰላም በላት ብላለች። ደብዳቤውን የጅማው አውቶቡስ ሾፌር በእጅሽ ይሰጥሻል።

ይህን ነገር ከዛሬ ወዲያ በአፌም በእጄም አላነሳውም። እናትሽ ብታነሳው ተነስቼ እወጣለሁ። አንቺም መጥተሽ ፊት ለፊቴ ተቀምጠሽ ብትጠይቂኝ አልመልስልሽም።

አባትሽ