በሰም የታሸገችው የእናትሽ ቁራጭ

ልጄ፣ የእናትሽ አምላክ በምትሄጂበት ሁሉ ይቅደምልሽ።

ለምርምርሽ ስትጠይቂኝ ከእናትሽ ዕጢ የተረፈ የለም ያልኩሽ ውሸት ነበር። ሆስፒታሉ ቁራጩን በሰም አሽጎ አስቀምጦታል። በትንሣኤ ሙሉ ሆና እንድትነሣ ብዬ ደበቅሁብሽ።

ጡንቻ ሲደክም የሚወጣው ላክቴት፣ ዘረመል በተጠመጠመበት፣ ሂስቶን በምትዪው ማጠንጠኛ ላይ ተለጥፎ የተኛውን ዘረመል እንደሚቀሰቅስ በልብስ ስፌቴ ክር አስረዳሽኝ። ቁስል ያሽራል፤ ዕጢ ውስጥ ሲበዛ ግን ለበሽታው ያደላል አልሽ። ከዚያ ወዲህ ስሰፋ ውሸቴን እያሰብኩ መርፌው እጄን ይወጋኛል።

ትናንት የላብራቶሪው ሰው፣ «አባባ፣ አሮጌው ናሙና ሁሉ ነገ ይቃጠላል» አለኝ።

«የሷን ስጠኝ።»

«ደግመው ሊቀብሯት ነው?»

«ለልጇ ልልካት ነው።»

ከአፈር የሠራት ጌታ የትም ብትሆን አያጣትም። ምግብ አትዝለዪ። ምርምርሽን ስትጨርሺ የተረፈውን አፈር አልብሺልኝ። ዛሬ ጠዋት ከቀሚሷ በተረፈ ጨርቅ ትንሽ ከረጢት ሰፍቼ፣ እሷን ውስጡ ከትቼ ላክሁልሽ።