በጎሽና በጎርፍ መካከል ላቆዩን የፓርክ ኃላፊ

ለተከበሩ የፓርኩ የበላይ ኃላፊ፤

እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በፓርክዎ የሚግጡት ጎሾችም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛም በሕይወት አለን፤ ይህ ለእርስዎ አዲስ ዜና እንዳይሆን ግን እሰጋለሁ።

ስሜ ሀረገወይን ይባላል፤ ፓሎ አልቶ ሆስፒታል ውስጥ አስታማሚ ነኝ። ባለቤቴ መንገሻ ከኦክላንድ ወደብ ኮንቴይነር የሚያመላልስ የትራክ ሾፌር ነው። ባለፈው ሐምሌ፣ በፈረንጆቹ 1986፣ በስድስት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያችን የሆነውን ቬኬሽን ወስደን፣ ሦስት ቀን ነድተን፣ ያንን ሁሉ የሣር ሜዳ አቋርጠን ፓርክዎ ደረስን። ይህን ደብዳቤ በኢትዮጵያውያን ማኅበራችን መጽሔት ያወጣሁት ወደ እርስዎ ለመምጣት ያሰቡ ወገኖቼ አስቀድመው እንዲያነቡት ነው፤ የእንግሊዝኛው ቅጂ በፖስታ ይደርስዎታል።

1ኛ፦ ስለ ካርታው እናመሰግናለን። የእንግዳ መቀበያው ሠራተኛዎ ጣቱን ካርታው ላይ አድርጎ «ኢዚ ትሬይል!» አለን፤ ቀላል የእግር መንገድ ነው፣ አንድ ሰዓት ብቻ። ግማሽ ሰዓት እንደሄድን መንገዱን ጎርፍ በልቶት ገደል ላይ ተቆረጠ። መንገዱ ከታች ይቀጥል ይሆናል ብለን ወደ ሸለቆው ወረድን። ቀና ስንል ግራጫዎቹ የአፈር ኮረብታዎች ሁሉ አንድ መልክ ሆኑብን፤ የመጣንበትንም መለየት አቃተን።

2ኛ፦ ብሮሹርዎ ጎብኚ ከጎሽ እንዲርቅ በትሕትና ያሳስባል። ጎሹም ከጎብኚ እንዲርቅ የሚያሳስብ ወረቀት ግን ያዘጋጁ አይመስለኝም። አንድ ኮርማ ከመታጠፊያው ብቅ አለና መሬቱን በኮቴው እየጫረ፣ እያጓራ፣ የሸለቆውን መውጫ ዘግቶ ቆመ።

«ሀረግ፣ እንዳትሮጪ» አለኝ መንገሻ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ።

«እግሬ መቼ ይታዘዘኛል?» አልኩት።

ጀርባችንን ከአፈሩ ግድግዳ ጋር አጣብቀን፣ ትንፋሹ እየተሰማን፣ አንድ ሰዓት ያህል ቆምን። የልቤን ምት እንዳይሰማው ደረቴን በሁለት እጄ ጨብጬ ነበር።

3ኛ፦ ጎሹን ያባረረልን ነጎድጓድ እንጂ ሠራተኛ አልነበረም። ዝናቡ ሲወርድ ያ አፈር ሳሙና ሆነ። መንገሻ ተንሸራቶ ወደቀ፤ የቁርጭምጭሚቱ አጥንት ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት። ጎርፉ ጉልበቴ ሲደርስ በቀበቶው እየጎተትኩ አንድ ጠርዝ ላይ አወጣሁት።

ከዚያ ዩኒፎርም የለበሱና ሽጉጥ የታጠቁ ሁለት ሰዎች ስማችንን ከእንግዶች መዝገብ አግኝተው ከኮረብታው አናት በድምፅ ማጉያ ጠሩን። ይህን ክቡርነትዎ ላይረዱት ይችላሉ፤ አዲስ አበባ ሳለን፣ ዩኒፎርም የለበሱ ሰዎች ስሙን የጠሩት ወንድሜ አልተመለሰም። ስለዚህ ሊያድኑን የመጡት ሲጠሩን የባለቤቴን አፍ በመዳፌ አፈንኩት። እሱ በሕመም እያቃሰተ፣ በዓይኑ እየለመነኝ፣ ሁለት ጊዜ አልፈውን ሄዱ። የወደቀ ጫማውን ያገኘች አንዲት ሸበቶ ሠራተኛዎ ግን ብቻዋን በእግሯ ወረደች። ባርኔጣዋን አውልቃ ጭቃው ላይ ተቀመጠችና «ሃኒ፣ ዩ አር ኦኬ» አለችኝ። እጄን ከአፉ ያነሳሁት ያኔ ነው። ለእርሷ ያለኝ ምስጋና እውነተኛ ነው፤ ከሌሎቹ ጋር እንዳይቀላቀልብዎ አደራ።

4ኛ፦ ከሁለት ሳምንት በኋላ ስለላኩልን ደብዳቤ እናመሰግናለን። «ምልክት ያለውን መንገድ ለቃችሁ ራሳችሁን ለአደጋ አጋልጣችኋል» ይላል። እግሩ በጀሶ ታስሮ ሶፋ ላይ ለተጋደመው ባለቤቴ ሳነብለት «እንግዲያው ይቅርታ ጠይቂልኛ» አለኝ። እነሆ፣ ጠይቄያለሁ። እሱ አሁንም ዝናብ ሲጀምር ከተቀመጠበት ይነሳል። እኔም በታካሚ አፍ ላይ የኦክስጅን ጭምብል ሳደርግ እጄን ቶሎ አነሳለሁ።

ውድ ጊዜዎን ስለወሰድኩብዎ እጅግ እያፈርኩ፣ ሥልጣንዎ እንዲረዝም ከልብ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከሦስት ቀን መንገድ ርቀት እሰናበታለሁ።

ሀረገወይን፣ ከኦክላንድ

ማስታወሻ፦ አምቡላንስ ስንጠብቅ ከቢሮዎ ጀርባ፣ ከጣሪያው ሥር፣ ግድግዳ ተደግፎ የቆመ ሰሌዳ አይቻለሁ። «መንገዱ በጎርፍ ፈርሷል፤ ማለፍ ክልክል ነው» ይላል፤ ቀኑም እኛ ከመድረሳችን ዘጠኝ ቀን አስቀድሞ ተጽፎበታል። ፎቶግራፉን አያይዣለሁ። ከዚያ ሁሉ ዝናብ አንዲት ጠብታ ስላልነካችው፣ ለሰሌዳው ላደረጉለት ጥንቃቄ አመሰግናለሁ።