የግራው ጎማ

ቡሬ፣ ሐምሌ 12 ቀን 1930 ዓ.ም.

ይድረስ ጎንደር ላሉት ወንድሜ፣ ፊደል ላስቆጠሩኝ ለአባ ገብረሰንበት። ክረምቱ እንዴት ይዞዎታል? እኛስ ይክበር ይመስገን፣ አለን።

ላሚቱ ወልዳለች፤ ጤፉ ግን ገና አልተዘራም። ባለቤቴ ክንዱም እዚያው ከጣሊያኖቹ ጋራዥ ነው። ጭቃው አላሳልፍ ስላለው ካፒቴኑ በትንሿ የጭነት መኪና ላይ የትልቁን ካሚዮን ጎማ ግጠምበት ብሎ ያዘው። ክንዱ «ጎማው የሚገባበት ቸርኬ የድሮው ነው፤ ጎማው ይገዝፍበታል። መሪው ሲጠመዘዝ ከላዩ ያለው ቆርቆሮ ይይዘዋል» ቢለው፣ «እንግዲያው ቆርቆሮውን ቁረጠው» አለው።

ክንዱም የቀኙን ቆረጠ፤ የግራውን ግን እንዳለ ተወው። «ምነው?» ብለው፣ «ለአንድ መንገድ ይበቃል» አለኝ።

ዛሬ ጠዋት ክንዱ ራሱ እየነዳ ካፒቴኑንና ወታደሮቹን ጭኖ ወደ ሽንዲ ሄደ። ገበሬውን ጠመንጃ ሊያስፈቱ ነው አሉ። መንገዱ ወደ ወንዙ ሲወርድ ገደሉ አፍ ላይ ወደ ግራ እንደሚታጠፍ ያውቁ የለ? ሊነሣ ሲል ጎረቤታችን አልጣሽ «ገበያ አድርሰኝ» ብትለው፣ ያ ክፉ ቃል የማይወጣው ሰው ጮኸባት። እኔው ደንግጨ ይቅርታ ጠየቅኋት።

አሁን ዝናቡ አባርቷል። ደጅ ደጁን እያየሁ ነውና የምጽፈው፣ ፊደሌ ቢጣመም አይቆጡኝ። ቡራኬዎ ከቤታችን አይራቅ።

እህትዎ አቻምየለሽ

ረስቸው ነበር፤ ክንዱ ሲወጣ «የክርስትና ስሜን ለአባ ጻፊላቸው» ብሎኛል። ኃይለ ሚካኤል ነው።