የዘነበች ነጭ ክር

ሰኞ

ደግሞ አንድ ቀለበት ከሽቦው ወረደ። ጠዋት ፀሐይ ጓሮ በረንዳው ላይ ስታርፍ ነበር የጀመርኩት። ቀና ብዬ ሳየው የሻሉ አንዱ ዳር እንደ ተተረተረ ጆንያ አፉን ከፍቷል። የሹራብ ሽቦዎቹን ወረወርኳቸው። ከዚያ ሄጄ አነሳኋቸው። ሌላ ማን ያነሳልኛል።

ሻሉ የባለቤቴ የዘነበች ነው። ወይን ጠጅ ቀለም፣ ትከሻ ላይ የሚጣል፣ ሁለመናው እንደ ዳንቴል ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነ። ለልጃችን ለአልማዝ ነበር የምትሠራው። ልጄ ጮሌ ከተማ ታስተምራለች፣ ጮሌ ደግሞ ብርድ ነው። እኩሌታው ላይ ስትደርስ ሞተች። እሑድ ሙት ዓመቷ ነው፣ አልማዝ ቅዳሜ ትመጣለች። እኔ እጨርሰዋለሁ ብያለሁ። ለማንም አላልኩም፣ ለራሴ ነው ያልኩት። ያው ነው።

ወንድ ሹራብ ይሠራል ወይ የሚል ካለ፣ ሸማኔው ምንድን ነው ታዲያ? ቢሆንም ጓሮ ሆኜ ነው የምሠራው። ከመንገድ አይታይም።

ጥፋቱ የክሩ ነው። የዘንድሮ ክር ያንሸራትታል። ባለፈው ሳምንት ስጀምር ደግሞ በአንዱ ረድፍ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ያለፈ ነጭ የስፌት ክር አገኘሁ። ዘነበች ረስታው ነው ብዬ መዝዤ ጣልኩት። አሁን ንጹሕ ነው።

አልማዝ ባለፈው ስትመጣ ያለችው ከአእምሮዬ አልወጣም። "አባዬ፣ አንድ ነገር ከሆንክ ቤቱን ዘግተን ጮሌ ነው የምወስድህ።" ምንም አልሆንኩም።

ማክሰኞ

ከወፍጮ ቤት ስመለስ ጋሪ ትከሻዬን ገጨኝ። ዱቄቱ አልተደፋም፣ ተመስገን። ባለጋሪው ወርዶ ጭራሽ ይቆጣኛል።

"አባባ፣ ስንቴ ልጩህ? አይሰሙም እንዴ?"

እሰማለሁ። ጩኸቱንማ ሰማሁት። ፈረሱን ነው ያላየሁት። ይህን ግን አልነገርኩትም። "እኔ ኢተያ ስንዴ እርሻ ላይ ትራክተር ስነዳ አንተ አልተወለድክም" አልኩት።

"እንግዲያው ነገ ትራክተርዎን ይዘው ይውጡና እኩል ለእኩል እንጋጭ!"

ሰው ሳቀ። እኔም ሊያስቀኝ ነበር፣ ያዝኩት።

እኔ ከትራክተር ወንበር ላይ ሆኜ እህል ውስጥ የተኛ ድንጋይ የማይ ሰው ነበርኩ። ትልሜ ገመድ የተወጠረበት ይመስል ነበር። የሚያውቅ ያውቃል።

ማታ ሲስተር ማርታ በሬን አንኳኳች። የጓሮውን ክፍል ተከራይታ ሆስፒታል የምትሠራ የደብረ ማርቆስ ልጅ ናት። ቆማ ጣቷን ታሻሻለች።

"አባባ፣ ተቀይመውኛል?"

"በምን?"

"ጠዋት ስልክ ጆሮዬ ላይ ስለነበረ ዝም ብዬ እጄን ብዘረጋልዎ ጥለውኝ አለፉ።"

ሐሳብ ላይ ነበርኩ አልኳት። ከሄደች በኋላ ሻዬን ስስብ ብርጭቆው ተደፋ። ጠረጴዛው ጠባብ ነው።

ረቡዕ

ጉድ ሆነ። የወደቀው ቀለበት እየተተረተረ ከእኔ ሥራ አልፎ ዘነበች ወደሠራችው ገባ። ክሩን ይዤ ላስቁመው ብዬ ብስብ ባሰበት። ዓይኔ እያየ የእሷ እጅ ያለፈበት ይፈርሳል። ጮህኩ መሰለኝ፣ ምክንያቱም ጎረቤቴ አዴ ቡልቱ በአጥሩ በኩል ገባች። እሷና ዘነበች አብረው ነበር ሹራብ የሚሠሩት። እኔ ሽቦ ይዤ ስታየኝ ልትስቅ ነበር፣ ሻሉን ስታይ ተወችው።

"ያ ረቢ! ነጩ ክርስ? ነጩን ክር የት አደረስከው?"

"ጣልኩት።"

"ጣልከው!" ቁጭ አለች። "ተሾመ፣ ያ እኮ ማቆሚያ ነው። የወደቀ ቀለበት እየተፈታ ወርዶ እዚያ ክር ላይ ሲደርስ ይያዛል። ከሱ በታች ያለው እንዳይነካ ብላ ነው ያሳለፈችው።"

የተተረተረውን ክር ያዝኩ። 

ልጎትት ስል እጄን መታችኝ። "ሱታ! ሱታ!" ቀስ በል ማለቷ ነው። "ከጭቃ የምታወጣው ትራክተር መሰለህ?" ኪሮሿን አወጣችና ከታች ያለውን ቀለበት ያዘች። በላዩ ያለውን ልቅ ክር በውስጡ ሳበች። ከዚያ የሚቀጥለውን። እንደ መሰላል ነው፣ ከታች ወደ ላይ፣ አንድ መርገጫ ሳይዘለል። ቀዳዳው በነበረበት ቦታ ክሩን ደርባ ቀዳዳውን መለሰችው። ከዚያ ኪሮሹን ለእኔ ሰጠችኝ። ላቤ ጠብ ጠብ አለ። ግን አንዱን ከታች እስከ ላይ አወጣሁት። አወጣሁት!

ደስ ብሎኝ አንድ ረድፍ ሠራሁላት። ዓይኗን ከእጄ አላነሳችም።

"ወደቀ እኮ" አለች።

"የታል?"

"በግራህ። ከሽቦው ጭራ ላይ። ተንጠልጥሎልሃል።"

አንገቴን አዞርኩ። አለ። "የዚህ ሽቦ ቆቡ ወልቋል፣ ለዚያ ነው" አልኳት።

"መውደቁስ የሽቦው ነው፣ የኔም ይወድቃል። አጠገብህ ተንጠልጥሎ አለማየትህን ነው የምልህ።"

ተነሳች። ነጠላዋን አጣፋች። አጥሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ፦ "አጎቴም እንዲህ አድርጎት ነበር። አያለሁ፣ አያለሁ ሲል ጉድጓድ ውስጥ ነው ያገኘነው።"

ራቱን አልበላሁም።

ሐሙስ

ጠዋት በረንዳው ላይ ቆሜ ቀኝ ዓይኔን በመዳፌ ሸፈንኩ። ሰማዩ ንጹሕ ነበር። ጭላሎ ከነጫፉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በግራ ዓይኔ ፈለግሁት። ግራ ጎኑ የለም። ጭጋግ ነው ብዬ መዳፌን አነሳሁ። ተራራው አለ። ደግሜ ሸፈንኩ። የለም። የጎረቤት ዛፍ ግማሹ አለ፣ ግማሹ የለም፣ ቁስል የለ፣ ሕመም የለ። ጥቁር እንኳ አይደለም። ዝም ብሎ ምንም የለም።

ከመቼ ጀምሮ ነው? አላውቅም። ሌባ በግቢዬ ሲመላለስ ከርሟል።

የወሰንኩት፦ ለማንም አልናገርም። አልማዝ እሑድ አድራ ሰኞ ትሄዳለች። እስከዚያ በግራዬ ሰው አላስቀምጥም። መንገድ አልወጣም። ሻይ በቀኝ።

የሽቦው ጭራ ላይ የላስቲክ ቁራጭ ሰካሁበት። ትናንት የወደቀውን ቀለበት ግን እንደ ቡልቱ አላወጣሁትም። በመርፌና በክር ከጀርባ ቋጠርኩት። ከፊት አይታይም። ማን ያውቃል።

አርብ

ቋጠሮው ሳበ። ሌሊቱን ምን እንደሆነ እንጃ፣ ጠዋት ስዘረጋው ዳሩ ተኮማትሮ እንደ ተቃጠለ ቆዳ ሆኗል። ቀዳዳዎቹ ሁሉ ወደዚያ ጠመዋል። ከፊት ይታያል። ከሩቅም ይታያል።

ተቀምጬ ፈታሁት። ፀሐይዋ ከበረንዳው ወጥታ እስክትሄድ ፈጀብኝ። ቋጠሮ መፍታት ከመቋጠር ይከብዳል። ከዚያ በኪሮሽ ከታች ጀመርኩ። ሁለት ጊዜ አመለጠኝ። አልወረወርኩም። ሱታ አልኩ ለራሴ፣ በቡልቱ ድምፅ። ቀለበቱ ሳይወድቅ ቆመ።

ተነሳሁና የሲስተር ማርታን በር አንኳኳሁ።

"ሲስተር፣ ማክሰኞ ዕለት በየት በኩሌ ነበር የቆምሽው?"

ትንሽ አሰበች። "በግራዎ።"

"እንግዲያው አልተቀየምኩሽም" አልኳት።

ፊቷ ተለወጠ። "ጫማዎን ያድርጉ" ብቻ አለችኝ። እስከ ሆስፒታል በግራዬ ሆና ሄደች፣ ክንዴን ሳትይዝ። ብትይዘኝ እመለስ ነበር።

ሐኪሙ ልጅ ነው። አገጬን መሣሪያ ላይ አስደግፎ ብርሃን አበራብኝ፣ ዓይኔን ለካ። ግላኮማ ነው አለኝ። ዓይን ውስጥ ግፊት ይጨምራል፣ ሳያምም ከዳር ከዳር እየበላ ይሄዳል።

"የግራው ብዙ ሄዷል አባት። ቀኙም ጀምሮታል።"

ቀኙም። ይህን አልጠበቅሁም።

"ይመለሳል?"

"የሄደው አይመለስም። የቀረው እንዲቆይ ነው የምንጥረው። ጠብታውን በየቀኑ፣ ሳያቋርጡ።"

"ካላቋረጥኩ ይቆማል?"

"እናያለን" አለ።

ይህን ቃል ከሐኪም አፍ አልወደውም። ስለ ዘነበችም እናያለን ነበር ያሉኝ።

ቅዳሜ

ጠብታው ጉንጬ ላይ ፈሰሰ። እንደገና። ሦስተኛው ገባ።

ሻሉ አያልቅም። አሁን አወቅሁ። የቀረውን ጥቂት ረድፍ ልሩጥበት ብል የሠራሁትን አጣለሁ። ከዘነበች የስፌት ዕቃ ነጭ ክር አወጣሁ፣ በጣቴ እየዳሰስኩ በየቀለበቱ ውስጥ አሳለፍኩት፣ ከዳር እስከ ዳር። ቡልቱ በአጥሩ አየችና ራሷን ነቀነቀች። "ለልጅቷስ ነገርካት?" አለች። "አልነገርኳትም።" "እኔ አልነግርልህም። ከአፍህ ይውጣ።"

አልማዝ አመሻሽ ላይ ገባች። ከስታለች። የጠብታውን ብልቃጥ ከሰዓቱ ጀርባ አደረግሁት።

እሑድ

ሰው መጣ፣ ጸሎቱ ደረሰ፣ ተበላ፣ ተሄደ። አልወደቅሁም፣ አልደፋሁም። ቀኑን ሙሉ ጀርባዬን ለግድግዳ ሰጥቼ ነበር።

ሁሉም ሲሄድ ሻሉን ለአልማዝ አወጣሁላት። እናቷ የሠራችውን፣ ከዚያ በላይ ያለውን የእኔን። ወልገድ ይላል፣ ያስታውቃል። በጣቷ እየዳሰሰች ያዘችው። ከዚያ፦ "አባዬ፣ ይሄ ነጭ ክር ተረስቶ ነው? ላውጣው?"

"አትንኪው!"

ደነገጠች። እኔም ደነገጥኩ። ምን እንደሚሠራ ነገርኳት። እኔ የመጀመሪያውን መዝዤ ምን እንዳፈረስኩም ነገርኳት። ሳቀችብኝ፣ እንደ እናቷ። እየሳቀች መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። በግራዬ።

ድምፅዋ ነበር። እሷ አልነበረችም። የምታወራውን መስማት ትቼ ባዶውን ማየት ጀመርኩ።

"በቀኜ ነይ" አልኳት።

"ምነው፣ እዚህስ?"

"ከዚያ በኩል አላይሽም።"

ጉንጬ ላይ ቀስ ያለ ነፋስ ተሰማኝ፣ አንዴ፣ ሁለቴ። እጇን እያወዛወዘች ነበር። እንዳላየሁት ገባት። ተነስታ በፊቴ አልፋ በቀኜ ተቀመጠች። ዓይኗ ቀልቷል።

ስለ ጮሌ አንድ ቃል አልተናገረችም። ነገ ትናገር ይሆናል። እኔም መልሴን አዘጋጅቻለሁ፣ ግን ትናንት የነበረኝን ያህል ጠንካራ አይደለም። "መድኃኒት ሰጥተውሃል?" አለችኝ። ከሰዓቱ ጀርባ አልኳት። ጭንቅላቴን ደግፋ ጨመረችልኝ። በአንድ ጊዜ ገባ።

አሁን ተኝታለች። ሻሉን ደርባዋለች፣ ሽቦውና ነጩ ክር እንዳሉበት። እኔ ግራ ዓይኔን ሸፍኜ በቀኙ የመስኮቱን ዳር አየሁ። አለ። ጠዋት ደግሜ አየዋለሁ።