«ለምን መታሃት?» ብሎ መጠየቅ ነውር ሆኖ ስለተገኘ

ለተከበሩ አቶ ይገዙ ሀቢሶ
የጀፕስታውን ወገን ለወገን መረዳጃ ማኅበር ሊቀመንበር
ጆሃንስበርግ
ነሐሴ 2012 ዓ.ም.

ክቡር ሊቀመንበር፣

ከወገብዎም ከጉልበትዎም ጤና አይለይዎት እያልኩ እጅ እነሣለሁ። ሳልዎ ቀለል እንዳለልዎት ባለፈው ስብሰባ ላይ በግልጽ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ግንባርዎም ደህና ነው፤ ሎክዳውን ከገባ ጀምሮ በዙም የማየው እሱን ብቻ ስለሆነ ስለ ቀረው ፊትዎ ግን በጸሎት ከመበርታት በቀር ምንም ማለት አልችልም።

ይህን ደብዳቤ በማኅበሩ ዋትስአፕ ላይ ያኖርኩት ሥርዓት ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። እኔን የከሰሱበት ደብዳቤዎ እኔ ዘንድ ከመድረሱ በፊት አባላቱ በሙሉ አንብበውት ስለነበር፣ የመልሱንም መንገድ ከእርስዎ ተማርኩ።

አስቀድሜ ላመስግን። «እትዬ፣ ልጆቻችን እዚህ አገር ወንድነት ጠፋባቸው፤ እርስዎ የድሮ አስተማሪ ነዎትና ወንድ ያድርጉልን» ብለው አደራ የሰጡኝ እርስዎ ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ጎረምሶቹን በዙም ማስተማር የጀመርኩት በዚሁ አደራ ነው። አሁን ደግሞ «ልጆቻችንን ሴት አደረጉብን» ብለው ክፍሉን ዘግተዋል። አንዲት አሮጊት በስልክ ብቻ ይህን ያህል ለውጥ ማምጣቷን ሊቀመንበር በማኅተም ሲመሰክርላት ቀላል ክብር አይደለምና እግዜር ይስጥልኝ።

ያስተማሩኝ ሰዎች ያለ ቁጥር የመጣ ቅሬታ አይቀበሉም ነበርና በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. «ያልተገባ ትያትር አሠርተዋል» ተብያለሁ። ትያትሩን እኔ አልደረስኩትም። «ባል ሚስቱን ሲመታ ሽማግሌ እንዴት እንደሚያስታርቅ እስቲ አሳዩኝ» ብቻ ነው ያልኩት። ሚስት መሆን የፈለገ ስላልነበረ ዕጣ ጣልን፤ ዕጣው ድምፁ በቅርቡ ለጎረነነው ረጅም ልጅ ደረሰ። የእናቱን ነጠላ ተከናንቦ ብቅ ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሲበርድ ሽማግሌ የሆነው ልጅ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «እህታችን፣ ምን ብለሽው ነው ግን?» አለ። ቀጠለና፣ «ወንድ ነው፣ ይቆጣል። አንቺም ምላስሽን ሰብሰብ አድርጊ። ለልጆችሽ ስትይ ይቅር በይና ቤትሽ ግቢ» አላት። ሁለተኛው ሽማግሌ በመሃሉ አንቀላፍቶ ነበር፤ ሲቀሰቅሱት፣ «እኔም እሱ እንዳለው ነው የምለው» አለ።

አንድ ቃል አልጻፍኩላቸውም። ሎክዳውን ከመጣ ወዲህ ሽምግልናው በዙም ሆኗል፤ ዙሙን ለእናንተ ለሽማግሌዎቹ ከፍተው ከጎናችሁ የሚቀመጡት ደግሞ እነዚሁ ልጆች ናቸው። ጎበዝ ተማሪዎች ናቸው፣ የሰሙትን አይረሱም። ማንም ስማችሁን ሳይጠራ «እኛን ነው!» ብላችሁ የተነሣችሁት ግን እናንተው ናችሁ።

2ኛ. «ያልተገባ ጥያቄ አስተምረዋል» ተብያለሁ። ትያትሩ ሲያበቃ፣ «አሁን ደግሞ ከባልየው ጀምሩ» አልኳቸው። ኔትዎርክ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። በኋላ አንዱ፣ «ቲቸር፣ ባል ምን ተብሎ ነው የሚጠየቀው?» አለኝ። ያን ሁሉ ዜና የሰማ፣ ከእኛ የተሻለ እንግሊዝኛ የሚናገር ልጅ፣ ባል ሲጠየቅ ሰምቶ አያውቅም። በመጨረሻ ሌላው ልጅ፣

«ለምን መታሃት?» አለ።

ባል የሆነው ልጅ እየሳቀ፣ «አናደደችኛ!» አለው።

«አንተም ስንቴ አናደኸኛል። መታሁህ?»

ሳቁ ቆመ። «አይ» አለ ልጁ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ያን ቀን ያስተማርኩት ይህን ብቻ ነው፤ እሱንም ያስተማሩት እነሱ ናቸው።

3ኛ. ክፍሉ መዘጋቱን ባበሰሩበት ስብሰባ ማይኩን የዘጉት መስሎዎት፣ «ይህች ሴትዮ ባል ቢኖራት እንዲህ አትለፈልፍም ነበር» ሲሉ ሁላችንም ሰምተናል። ባልስ ነበረኝ፣ ሞት ወሰደብኝ እንጂ። ያኔም እለፈልፍ ነበር። እጁን አንሥቶብኝ አያውቅም፤ በዚህም የተነሣ ጺሙ ሲረግፍ አላየሁም።

4ኛውና ዋናው የኤርጎጌ ጉዳይ ነው፤ ስሟን የጻፍኩት ፈቅዳልኝ ነው። ባሏ አይቮሪ ፓርክ ሰፈር ካለው ሱቃቸው ዓይኗን አቁስሎ ካስወጣት ወዲህ በሰው ቤት ተጠግታለች። የፊታችን ቅዳሜ፣ በእኔው ክፍል ሰዓት፣ በዙም ልታስታርቋቸው መሆኑን አውጃችኋል። ባለፈው ጊዜ ሲመታት «መጠጥ ነው» ብላችሁ መልሳችኋት ነበር። አሁን መንግሥት መጠጥ መሸጥ ስለከለከለ ጥፋቱን የምታሸክሙት ጠርሙስ እንኳ እንደ ልብ አይገኝም። ማስክም ብዙ ነገራችንን ሸፍኖልን ነበር፤ የእሷ ቁስል ግን ከማስኩ በላይ ሆነና አስቸገራችሁ።

ኤርጎጌ በተመታች ማግስት፣ ባሏ ገና ሳያስወጣት፣ ዳቦ ልትገዛ የመጣች አንዲት የአገሬው አሮጊት፣ የሰፈሩ ጎጎ፣ በሱቁ ፍርግርግ አሻግራ አይታት፣ «ሲሲ፣ እህቴ፣ ማነው እንዲህ ያደረገሽ?» ብላታለች። አሮጊቷ የማኅበራችን አባል አይደለችምና ሥርዓታችንን ባለማወቋ ይቅር በሏት።

ስለዚህ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ቅዳሜ ከእሷ በፊት እሱን ጠይቁት። ጥያቄው ሁለት ቃል ብቻ ስለሆነ ዳታ አይጨርስም። መልስ ከሌለው፣ እሷን ወደዚያ ሱቅ ተመለሺ አትበሏት። ካላችኋት ግን ቀጥሎ የምንሰበሰበው ለሽምግልና ላይሆን ይችላል፤ ዘንድሮ ደግሞ ቀብር ላይ የሚፈቀደው ጥቂት ሰው ነውና ከሽማግሌዎቹ ማን እንደሚቀር ከወዲሁ ተመካከሩ።

ወንድ አድርጊ ተብላ የተሾመች፣ ወንድ ስታደርግ የተሻረች፣ ከዝቅተኛ ወንበሯ ሆና ለከፍተኛ ግንባርዎ እጅ የምትነሣ፣

የዓለምወርቅ ደጉ

ማስታወሻ፦ ያን ጥያቄ የጠየቀው ልጅ ስሙ ለማኅበሩ እንዲቀርብ አዝዘዋል። እኔ ለቅጣት የልጅ ስም አልሰጥም። ይልቅ ቅዳሜ እንደ ልማዱ ዙሙን ከፍቶልዎት ከጎንዎ ለሚቀመጠው ልጅዎ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ሽምግልናው ተጀምሮ ትኩር ብሎ ቢያይዎት አይደንግጡ፤ ባልየውን እስኪጠይቁ እየጠበቀ ነው።